እስቲ አፍዎን ይክፈቱ

ቦታው ነፋስ መውጫ፣ ላይ ጋይንት ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ በጋይንት ድጓ የሚያስተምሩት የኔታ፣ ታላቅ እኅታቸው እታለም፣ የእታለም ልጅ የሆነችው የጥርስ ሐኪም። ሰዎቹን የፈጠራቸው ብዕር ነው፤ የሚነጋገሩበት ነገር ግን ፈጠራ አይደለም። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

እታለም፦ ምነው ቆሎውን ገፋኸው? የጉና ገብስ ነው፤ ለአንተ ብዬ ነው የቆላሁት።

የኔታ፦ ከቆሎ ጋር ተለያይተናል እታለም። እነዚህ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ። ዳቦም ቢሆን በሻይ አርሼ ነው የምውጠው።

ሐኪሟ፦ ከመቼ ወዲህ ነው የኔታ?

የኔታ፦ መነቃነቁ ከክረምት ወዲህ ነው። ድዴ መድማት ከጀመረ ግን ቆይቷል። ጧት ጥርሴን ስፍቅ ምራቄ ከደም ጋር ይወጣል። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት፤ ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ቢረግፍ ምን ይደንቃል? እኔን የጨነቀኝ ዜማው ነው። ቤተ ልሔም ድጓ፣ ዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት በሚመሰከርበት አገር መምህር ተብዬ፣ ‘ሰ’ እና ‘ጸ’ ላይ ስደርስ ትንፋሼ በጥርሴ መካከል ያመልጠኛል። ተማሪው የሚቀበለው ከአፌ ነው፤ እኔ ያጣመምኩትን እሱም አጣሞ ይዞት ይኖራል። ደግሞ ልጆቹ ጠጋ ብለው ሲያዜሙ ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

እታለም፦ ጠረኑ ነዋ! ስንት ጊዜ ልነግርህ ብዬ ፈራሁ።

ሐኪሟ፦ ባለፈው ስኳርዎ ሲለካ ስንት ሆነ?

የኔታ፦ እኔ የምነግርሽ ስለ ጥርስ፣ አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ስኳር!

ሐኪሟ፦ ይንገሩኝ ብቻ።

የኔታ፦ በባዶ ሆድ 240። ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ጠላ ጠጥተሃል አለኝ። አልጠጣሁም። ክኒኑን ጨመረልኝ።

ሐኪሟ፦ ክኒኑን ሲጨምርልዎ አፍዎን አየው?

የኔታ፦ እግሬን አየ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈተሸ። ለዓይኔ ጎንደር ጻፈልኝ። አፌን ማንም አላየው። እኔም አልተናገርኩ፤ የስኳር ሐኪም ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ብዬ።

ሐኪሟ፦ የእኔንም ቤት አልምርም። ድዱ መግል የቋጠረ ሰው ወደ ጥርስ ክፍል ይመጣል፤ እንነቅልለታለን፤ ይሄዳል። ጣቱን ወግተን ስኳሩን የምንለካለት ስንቱን ነው? በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች የአንድን ሰው በሽታ ለሁለት ተካፍለውት እርስ በርስ አይጠያየቁም። የምናደደው በዚህ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያው ከሥሩ አስረጂኝ። ስኳሩ ነው ድዱን የሚጎዳ ወይስ ድዱ ስኳሩን?

ሐኪሟ፦ ሁለቱም። መጀመሪያ ድዱን ልንገርዎት። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስስ ሽፋን ይጋገራል፤ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። በየቀኑ ካልጸዳ ይደርቅና እንደ ኖራ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም። ሰውነት ይህን ሲያይ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል። ድዱ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ላይ ከታጠበ ወደ ጤናው ይመለሳል። ካልታጠበ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመካከሉ ኪስ ይፈጠራል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንት እየተበላ ይሄዳል። አጥንቱን የሚበላው ደግሞ ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሰው የራሱ የሰውነት ቁጣ ነው። የሄደ አጥንት በራሱ አይመለስም። የእርስዎ ጥርስ የሚነቃነቀው ለዚህ ነው።

የኔታ፦ እርጅናው የለበትም?

ሐኪሟ፦ ዕድሜ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አይነቅልም። ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ ሽማግሌዎች የሉም?

የኔታ፦ አሉ። የእስቴው ወዳጄ በእኔ ዕድሜ አጥንት ይቆረጥማል።

ሐኪሟ፦ አሁን ስኳሩን ያምጡት። ደም ውስጥ የተረፈ ስኳር ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ያ የተጣበቀው ነገር ቁጣውን ያባብሰዋል። ነጭ የደም ሴሎቹ ባክቴሪያን መግደል ያቅታቸዋል፤ በዙሪያቸው ያለውን ሥጋ መጉዳት ግን አያቅታቸውም። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ቁስል ቶሎ አይጠግግም። አፍ ይደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ አፍን የሚያጥበው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው በዚህ ከባድ የድድ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ሃራልድ ሎ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ የጥርስ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. የድድ በሽታ የስኳር ስድስተኛው ጠንቅ ነው ብሎ ጽፏል። ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭ፣ የደም ሥር፣ የማይድን ቁስል፤ ስድስተኛው ድድ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም እግር እናያለን፣ አፍ አናይም።

የኔታ፦ ይህስ ገባኝ። መልሱን ጉዞ ንገሪኝ። ይህች ጣት የማታህል ድድ እንዴት አድርጋ ስኳር ታወጣለች?

ሐኪሟ፦ ጣት አታህልም አይበሉ። በከባድ የታመመ አፍ ውስጥ የኪሶቹ ቁስል ሁሉ ተደምሮ ቢለካ ከ8 እስከ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል።

እታለም፦ ያን የሚያህል ቁስል እግሩ ላይ ቢወጣበት ኖሮ በቃሬዛ ነበር የምንወስደው!

ሐኪሟ፦ ልክ ነሽ እማ። አፍ ውስጥ ስለተሸሸገ ብቻ ነው ችላ የሚባለው። ከዚያ ቁስል ባክቴሪያውም፣ የቁጣውን መልእክት የሚያደርሱት ኬሚካሎችም ወደ ደም ይገባሉ። ቲ ኤን ኤፍ እና ኢንተርሊውኪን 6 የሚባሉ አሉ። እነዚህ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያደናቅፉታል። የሚያቃጥል ትኩሳት የለውም፤ ሰውየው አልጋ ላይ አይወድቅም፤ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ አለ።

እታለም፦ እርጥብ እንጨት የሚጨስበት ቤት በይኛ። አይነድ፣ አይጠፋ፤ ዓይን ግን ያጠፋል።

ሐኪሟ፦ ከእኔ የተሻለ አልሽው። እንግዲህ የኔታ ጠላ ሳይጠጡ 240 የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ነው አልልም። ሐኪሙ ግን በከንቱ ተቆጣዎት።

የኔታ፦ ቆይ። ይህ አሳማኝ ነገር ነው፤ አሳማኝ ነገር ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ድዱን አክመው ስኳሩ ሲወርድ ያዩ ሰዎች አሉ?

ሐኪሟ፦ ጥያቄው የሊቅ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 514 የስኳር ሕመምተኞች ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ ድዳቸው ታከመ፣ ግማሾቹ ሳይታከሙ ቆዩ። በስድስት ወር ልዩነት አልተገኘም።

የኔታ፦ እንግዲያስ!

ሐኪሟ፦ አልጨረስኩም። ጥናቱን የነቀፉት ሰዎች አንድ ነገር አዩ፦ ታክመዋል የተባሉት ሰዎች ድድ ከሕክምናው በኋላም ይደማ ነበር። ቁጣው ሳይበርድ ስኳሩ ለምን ይውረድ? በ2018 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ደግሞ 264 ሰዎች ተጠኑ፤ ሕክምናው የጠለቀ ነበር፣ ክትትሉም ዓመት ሙሉ። በዓመቱ መጨረሻ በደንብ የታከሙት ሰዎች ኤ ዋን ሲ ከሌሎቹ በ0.6 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኤ ዋን ሲ የሁለትና የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚነበብበት ምርመራ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮክሬን የሚባለው የጥናት መርማሪዎች ማኅበር 35 ጥናቶችን ሰብስቦ መዘነ። የድድ ሕክምና በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ኤ ዋን ሲን በ0.43 ያህል ያወርዳል አለ።

የኔታ፦ አንድም ይወርዳል፣ አንድም አይወርድም ነዋ ትርጓሜው።

ሐኪሟ፦ ሚዛኑ ወደ ይወርዳል ያደላል። 0.43 ለጆሮ ትንሽ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ክኒን ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው ግን። ስኳርን አይፈውስም፤ ክኒኑንም አያስጥልም። ጥርሴን ታጥቤያለሁ ብለው መድኃኒቱን እንዳያቆሙብኝ!

እታለም፦ እሱን እንኳ አያደርገውም፤ ሐኪም ይፈራል። እኔን ግን ንገሪኝ፤ እኔ ድዴ ተነቅሷል። ልጅ ሳለሁ ይደማ ነበር፤ እናታችን ወስዳ አስነቀሰችኝ። በመርፌ ጠቅጥቀው ጥላሸት አገቡበት። ያኔ ድዷ የነጣ ልጅ ማን ያገባታል ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ነው፤ ቀልቶ አያውቅም።

ሐኪሟ፦ ያምራል እማ፤ ውበቱን አልነካብሽም። ግን የድድ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው መቅላቱን ነው፤ ንቅሳቱ ያንን ይሸፍናል። ድድሽ ቢቆጣም ጥቁር ሆኖ ይታያል። የጎንደርና የጎጃም እናቶቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ በቀለም አትመኚ። ስታጸጂው ይደማል? ጧት ስትነሺ አፍሽ ይሸታል? ስትጫኚው መግል ይወጣል? ጥርስሽ ከበፊቱ የረዘመ ይመስላል? የሚረዝመው ጥርሱ አይደለም፤ ድዱ ነው ወደ ኋላ የሚሸሽ።

እታለም፦ ኧረ ይደማል። ምንም አያደርግም ብዬ ነው።

ሐኪሟ፦ እንግዲያው አንቺም ስኳርሽን ትለኪያለሽ። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ቀን ተደግሞም ያው ከሆነ ስኳር ነው።

እታለም፦ እኔ ወፍራም አይደለሁ፣ ሀብታም አይደለሁ! ስኳር የቅቤና የጠጅ በሽታ ነው ሲሉ ነው የምሰማ።

ሐኪሟ፦ ይህን የምትይው አንቺ ነሽ? ስማዳ ቆላ ያለው የልጅ ልጅሽ ሀብታም ነው?

እታለም፦ የእሱን አታንሺብኝ። ክንዱ እንደ ሸምበቆ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል።

ሐኪሟ፦ እሱን ላነሣው ነው የፈለግኩት። ከተማ ውስጥ ያለው የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ጎልማሳና ወፍራም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ግን በገጠሩ ሌላ መልክ አገኙ፤ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው፣ ቀጫጭን፣ እጅግ ድሆች፣ አብዛኞቹ ወንዶች። በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ጻፉት። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር አለ የለም የሚለው ክርክር እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ስኳር በመዝገቡ ላይ አስፍሮት ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። ክርክሩ እውነትም ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ አምስተኛው ዓይነት ስኳር ብሎ ተቀበለው።

የኔታ፦ ጋይንትና ስማዳ ለዚህ ምስክር መሆን አያቅታቸውም። በ77ቱ ድርቅ ያየነው አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍትኔት የገባው በከንቱ አይደለም።

ሐኪሟ፦ የእኛ ልጅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይመረመር አልናገርም። የምለው ይህን ነው፦ አንድ ቀጭን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድዱ አብጦ ቢመጣ ማንም ስኳር አይጠረጥርም። መፋቂያ አይጠቀምም ተብሎ ይመለሳል። እማ፣ እሱን ስታገኚው አፉን አሽትቺው፤ አታፍሪ። የመግል ሽታ ከሆነ ድዱ ነው። የበሰለ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሆኖ ካስመለሰው፣ ሲተነፍስም ቶሎ ቶሎና ጠለቅ ካለ ግን የድድ ነገር አይደለም፤ ኢንሱሊን አጥቶ ደሙ እየተመረዘ ነው። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት!

እታለም፦ ኢንሱሊኑስ ቢሆን መንገድ ሲዘጋ ከየት ይመጣል? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ድረስ ሲገባ ሆስፒታሉ ተዘርፎ አልነበር? ከዚያ ወዲህም መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው።

ሐኪሟ፦ እሱ የእኔም የአንቺም አቅም አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ግን ትርፍ ይያዝ። ለቆላው ሙቀት እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ አድርጎ በጥላ ያስቀምጠው። ምግብ ባነሰበት ቀን ደግሞ መጠኑን ሳያስተካክል እንዳይወጋ፤ ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል።

የኔታ፦ ወደ እኔ አፍ እንመለስ። ሌላው ሰው ሲታመም ያጥናል፣ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ በአረቄ ይጉመጠመጣል። የጥርስ ትል ነው የሚልም አለ።

ሐኪሟ፦ ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ግን አያወጣም። አረቄው አፍ ያደርቃል። ትል የለም።

እታለም፦ የገበያው ጥርስ ነቃይስ? አንዴ ጎትቶ ይገላግላል።

ሐኪሟ፦ በ240 ስኳር፣ ባልተቀቀለ ጉጠት? ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ሊመረቅዝ ይችላል። የሚነቀል ካለ ስኳሩ ረገብ ሲል፣ በንጹሕ መሣሪያ ይነቀላል። ደግሞ ሁሉም አይነቀልም። መጀመሪያ በደንብ እናጥበዋለን፤ ከድዱ ሥር ያለውን የተጋገረ ነገር እየፋቅን እናወጣለን። ብዙ ጥርስ በዚህ ይተርፋል። የእርስዎን ሁለቱን አይቼ ነው የምነግርዎት።

የኔታ፦ መፋቂያውንስ ልተወው? ከወይራ ነው የምቆርጠው፤ እንደ ከተማ ሰው ብሩሽ ልግዛ?

ሐኪሟ፦ ለምን ይተዉታል? በአግባቡ ከተያዘ መፋቂያ ከብሩሽ አይተናነስም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ሰው መንገድ ለመንገድ እያኘከ የፊቱን ጥርስ ብቻ ያሻሻል። ጫፉን አኝከው ያለስልሱት፤ ከድዱ ጠርዝ ጀምረው ወደ ጥርሱ ጫፍ ይሳቡት። የውስጡን ጎን፣ በምላስ በኩል ያለውን ማንም አይነካውም፤ ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው። ደማ ብለው አይተዉት፤ የሚደማው የቆሸሸው ቦታ ነው። ለኋላ ጥርስ ግን ብሩሽ ይቀላል፤ ሁለቱንም ይያዙ።

የኔታ፦ ሌላ ጭንቅ አለኝ። ቅዳሴ ባለበት ቀን ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አፌ አይገባም፤ አልጉመጠመጥም። ማኅሌት ቆሜ አድሬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደክሞኝ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በጾም ደግሞ ብዙው ቀን እንዲሁ ነው። አፌ መቼ ይጽዳ?

ሐኪሟ፦ ማታ። ይህን ነው ለካህናት ሁሉ መንገር የምፈልገው። እኛ አገር ጥርስ የሚፋቀው ጧት ነው፤ ማታ በልተን እንተኛለን። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል፤ አፍ ላይ የቀረው ነገር በሰላም ሲሠራ ያድራል። ማኅሌት ከመሄድዎ በፊት፣ የመጨረሻውን እህል ከቀመሱ በኋላ፣ ተረጋግተው ያጽዱ። ጾሙንም አይነካ፣ ቅዳሴውንም አይነካ። ስለ ጾሙ ስናነሣ፣ ክኒን እየዋጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱን ስኳር ክትትል ላለው ሐኪም መንገር አለብዎት። ከክኒኖቹ አንዳንዱ በባዶ ሆድ ስኳር አውርዶ ይጥላል።

የኔታ፦ ፍትሐ ነገሥቱ ለታመመ ሰው ያዝናል፤ እሱን እኔ ለሌላው አስተምራለሁ፤ በራሴ ሲመጣ ነው የረሳሁት። ከንስሐ አባቴ ጋር እነጋገርበታለሁ።

እታለም፦ እሱ እሺ የሚለው አንቺ ፊት ነው እንጂ ነገ ይረሳዋል።

ሐኪሟ፦ ሰኞ ከእኔ ጋር ደብረ ታቦር ይወርዳሉ። አንቺም ትመጫለሽ። ለስማዳው ልጅም መልእክት እንላክበት።

የኔታ፦ እሺ እወርዳለሁ። ግን አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። ለስኳር ክፍሉ ሰዎች ጻፊላቸው፤ እግር የሚታይበት ዓምድ ካርዱ ላይ ካለ ከጎኑ የአፍ ዓምድ ይጨምሩበት። ቀለም እንጂ ገንዘብ አያስወጣቸውም።

ሐኪሟ፦ እጽፋለሁ። ለእኛም ክፍል እጽፋለሁ፤ ድዱ የመገለ ሰው ሁሉ ስኳሩ ሳይለካ እንዳይሄድ። ግን ወረቀቱ እስኪመጣ አንጠብቅ። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ከባድ የድድ በሽታ አለበት፤ ብዙው በሽታ መሆኑን አያውቅም። እርስዎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ይንገሩልኝ። የስኳር ካርድ ያለው ሰው፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም፣ ‘ድዴ ይደማል’ ብሎ ይናገር፤ አፉንም ከፍቶ ያሳይ። ካርድ የሌለው ደግሞ፣ ድዱ ከደማ ወይም ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ጣቱን ተወግቶ ስኳሩን ያስለካ።